በፎቶ ላይ ነጭ የሚያበራ ዓይን፦ ሕፃን የምታሳድጊ እህቴ ይህን እወቂ

እህቴ፣ ስልክሽ ውስጥ ስንት የልጅ ፎቶ አለ? እናትሽ ከደሴ ወይም ከአሰላ በኢሞ የላከችልሽ የራስሽ ልጅ ፎቶ አለ። አማን ውስጥ የምታሳድጊው ሕፃን ልደቱ ሲከበር ማዳም «አንሺን» ብላሽ ያነሳሻቸውም ይኖራሉ። ማታ ዕቃው ታጥቦ፣ ወለሉ ተወልውሎ ጋደም ስትዪ ደጋግመሽ የምታዪያቸው እነሱን ነው። ዛሬ ስታዪያቸው አንድ ነገር ጨምሪ፤ የዓይናቸውን መሐል፣ ጥቁሯን ክብ ተመልከቺ።

በፍላሽ የተነሳ ፎቶ ላይ የዓይን ብሌን አንዳንዴ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ፎቶው ተበላሸ ብለን እናጠፋዋለን እንጂ ቀይ መሆኑ ደግ ምልክት ነው። የፍላሹ ብርሃን በብሌኑ ቀዳዳ ገብቶ፣ ከበስተኋላ ያለውን በደም ሥር የተሞላ ክፍል ነክቶ ሲመለስ የደሙን ቀለም ይዞ ይመለሳል። አንደኛው ዓይን ቀይ ወይም ጥቁር ሆኖ ሌላኛው ነጭ ወይም እንደ ድመት ዓይን ቢጫ ሆኖ ቢያበራ ግን፣ ብርሃኑን የሚመልሰው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ከምክንያቶቹ ሁሉ አስፈሪው ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ነው።

በሽታው ብርቅ ነው። ከ16 ሺህ እስከ 18 ሺህ ሕፃናት ሲወለዱ አንዱን ገደማ ይይዛል። ከጥቂቶች በቀር የሚታየው ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ከልጆች ካንሰሮች ሁሉ በተሻለ ከሚድኑት አንዱ ነው። ከዘገየ ግን በዓይን ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይዘልቃል፣ ይገድላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የጥቂት ወራት ነው፤ ወራቱም ብዙ ጊዜ የሚባክኑት ቤት ውስጥ ነው። ወይ ማንም ሳያይ ይቀራል፣ ወይ ያየው ሰው ዝም ይላል።

ታዲያ ቤት ውስጥ ማን ነው ያለው? ሕፃኑን ጠዋት የምታነሺው፣ የምታጥቢው፣ የምታበዪው፣ እያባበልሽ የምታስተኚው አንቺ ነሽ። የዓይን ሐኪሙ ልጁን የሚያየው ሰው ካመጣለት ብቻ ነው። ዶክተሮች ስለዚህ በሽታ ለወላጆች የሚጽፉትን ብዙ አንብቤያለሁ፤ «እናትና አባት ልብ ይበሉ» ይላል። ዐብዱን ወይም ዳቡቅ ውስጥ ስላለ ቤት ከሆነ ወሬው፣ ልብ የምትለው ሌላ ሰው እንደሆነች እኔም አንቺም እናውቃለን።

አማን ውስጥ ምን ተሠራ?

በንግሥት ራኒያ ጎዳና፣ በጆርዳን ዩኒቨርሲቲ በኩል አልፈሽ ከሆነ ትልቁን የካንሰር ሆስፒታል አይተሽዋል። ታክሲ ነጂዎች «መርከዝ ኢል-ሑሴን» ይሉታል፤ ሙሉ ስሙ የንጉሥ ሑሴን የካንሰር ማዕከል ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1997 ሲከፈት ስሙ «አል-አመል» ነበር፤ ተስፋ ማለት ነው። ንጉሥ ሑሴን እሳቸውም በካንሰር ታመው በ1999 ሲያርፉ፣ በ2002 ማዕከሉ በስማቸው ተሰየመ። የንጉሥ ስም የካንሰር ሆስፒታል በር ላይ መለጠፉ ቀላል ነገር አልነበረም። ጆርዳን ውስጥ አሮጊቶች እስከ ዛሬ «ሰረጣን» የሚለውን ቃል መጥራት አይወዱም፤ «ሀዳክ ኢል-መረድ»፣ ያ በሽታ፣ ብለው ያልፉታል። የእኛም እናቶች «ያ ክፉ በሽታ» ብለው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ የለ?

በዚያ ዘመን ገንዘብ ያለው ልጁን ይዞ ወደ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ይበር ነበር። ኋላ የዚሁን ማዕከል ፋውንዴሽን ለዓመታት የመሩት ልዕልት ዲና ሚርዒድ እንኳ ልጃቸው በ1997 በሁለት ዓመቱ የደም ካንሰር ሲገኝበት ይዘውት የሄዱት ውጭ አገር ነው። ይህንንም በአደባባይ ደጋግመው ተናግረዋል። የሌለው ሰው ልጅ እዚያው ባለው ይታከማል። በዓይን ካንሰር ረገድ እዚያው የነበረው ደግሞ ጥቂት ነበር። ይህ በሽታ በአንድ ዶክተር አይታከምም። የዓይን ሐኪም፣ የሕፃናት ካንሰር ሐኪም፣ የጨረር ባለሙያ፣ ናሙና መርማሪ፣ ሕፃኑን በደህና የሚያደነዝዝ ሐኪም አንድ ላይ ሆነው መወሰን አለባቸው።

በ2003 የአማኑ ማዕከል አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ፣ ሜምፊስ ከተማ ካለው የሴንት ጁድ የሕፃናት ምርምር ሆስፒታል ጋር ለዚህ በሽታ አብሮ መሥራት ጀመረ። ሴንት ጁድን በ1962 የከፈተው ወላጆቹ ከሊባኖስ የሄዱ ዳኒ ቶማስ የተባለ አሜሪካዊ የቴሌቪዥን ሰው ነው። ገንዘቡንም በመጀመሪያ ያሰባሰበለት የሊባኖስና የሶሪያ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ማኅበር ነበር። ይህን ለማዳም ብትነግሪያት የምትደሰት ይመስለኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሕፃኑ ተደንዝዞ ይተኛል። ሬትካም በሚባል ለዓይን ውስጥ በተሠራ ካሜራ የሬቲናው ፎቶ ይነሳል። ፎቶው በኢንተርኔት ሜምፊስ ይደርስ ነበር፤ በብዙ ሰዓት ልዩነት የሚራራቁ ዶክተሮች ያንኑ ምስል እያዩ ይነጋገሩ ነበር። ዕጢው ስንት ነው? የት ቦታ ነው? ዓይኑን ማትረፍ ይቻላል ወይስ መውጣት አለበት? የአማን ሐኪሞችም ወደዚያ ሄደው ሠለጠኑ። በ2008 ዶክተር ኢብራሂም ቃዱሚና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን በሕክምና መጽሔት ሲያወጡ፣ ሥራውን በጆርዳን የመጀመሪያው ዓይንን የማትረፍ ፕሮግራም ብለው ጠሩት። ከዚያ በፊት ዓይን ከማውጣት ሌላ ብዙ ምርጫ ላልነበራቸው ቤተሰቦች ቃሉ ራሱ ትልቅ ነው።

እዚያው ማዕከል በታኅሣሥ ወር 2004 ከካናዳው የቶሮንቶ የሕፃናት ሆስፒታል ጋር ሌላ ስብሰባ ተጀምሮ ነበር። ይኸኛው በልጆች የአንጎል ዕጢ ላይ ሲሆን በየወሩ በቪዲዮ ይካሄድ ነበር። ውጤቱ ሲታተም ከቀረቡት ሕፃናት ከሦስቱ አንድ ያህሉ የሕክምና ዕቅዳቸው በትልቁ እንዲለወጥ ምክር ተሰጥቶ ነበር። እስቲ አስቢው፤ ተመሳሳይ ልጅ፣ ተመሳሳይ ሆስፒታል፣ ግን ሌላ ሰው ሥዕሉን ስላየው ብቻ መንገዱ ተለወጠ።

«ክሊኒካል ምርምር» ሲባል ብዙ ሰው አዲስ መድኃኒት በልጅ ላይ መሞከር ይመስለዋል፣ ይፈራልም። ያም አለ፣ በሕግና በወላጅ ፈቃድ የሚደረግ ነው። አብዛኛው ግን እንዲህ ያለ ነው። እያንዳንዱ ልጅ መቼ መጣ፣ ምን ታየበት፣ ምን ተደረገለት፣ ከዓመት በኋላ እንዴት ሆነ የሚለው በመዝገብ ይሰፍራል። ከዚያ መዝገቦቹ ይነጻጸራሉ።

ከ153 አገር የተሰበሰበው መዝገብ

መዝገብ ስንል፣ ከሁሉ ትልቁን ልንገርሽ። በ2017 በመላው ዓለም ሬቲኖብላስቶማ የተገኘባቸው 4,351 ሕፃናት፣ ከ153 አገሮች፣ በአንድ ጥናት ተመዘገቡ። ውጤቱ በ2020 ወጣ። የመጀመሪያው ምልክት ምን ነበር ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከመቶው 62.8 በሆኑት ልጆች ላይ ያ ነጭ ብርሃን ነው። ዓይን መንሸዋረር በሁለተኛ ደረጃ መጣ።

ቀጥሎ ያለው ቁጥር ልቤን የነካኝ ነው። በሀብታም አገሮች በሽታው ሲታወቅ የመካከለኛው ልጅ ዕድሜ 14 ወር ነው። በድሃ አገሮች፣ ኢትዮጵያም በዚህ ቡድን ውስጥ ናት፣ 30 ወር ተኩል ነው። ልዩነቱ አንድ ዓመት ከአራት ወር መሆኑ ነው። ካንሰሩ ከዓይን ወጥቶ የተገኘባቸው ልጆች በሀብታም አገሮች ከመቶ 1.5 ሲሆኑ በድሃ አገሮች 49.1 ናቸው። ግማሹ ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙትስ? በ2022 በወጣው ተከታይ ጥናት መሠረት በሀብታም አገሮች ከመቶ 99.5፣ በድሃ አገሮች 57.3።

በሽታው አንድ ነው። የሀብታም አገር ልጅ ዕጢ ከድሃው አገር ልጅ ዕጢ የዋህ ሆኖ አይደለም። መድኃኒቱም በከፊል አንድ ነው፤ ካርቦፕላቲን፣ ቪንክሪስቲን፣ ኢቶፖሳይድ የሚባሉት አዲስ ነገሮች አይደሉም። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው መቼ ታየ፣ መቼስ ሐኪም ዘንድ ደረሰ የሚለው ነው።

ፎቶ ላይ አስቀድሞ ይታያል የሚለው ከየት መጣ ብትዪ፣ አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ብራያን ሾው የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ አለ። የገዛ ልጁ ይህ በሽታ ተገኘበት። የሕፃኑን ፎቶዎች መጀመሪያ አይታ የተጠራጠረችው ሚስቱ ነበረች። ሰውየው በኋላ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ የተነሱትን 7,377 ፎቶዎች አንድ በአንድ መረመረ። ነጩ ብርሃን ልጁ ገና የ12 ቀን ሕፃን ሳለ በተነሳ ፎቶ ላይ ነበር። ይህንን በ2013 አሳተመ፤ ቀጥሎም ከባልደረቦቹ ጋር ነጭ ዓይን ፈልጎ የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ ሠራ፣ በነፃ የሚጫን። በ2019 በ40 ሕፃናት ከ50 ሺህ በላይ ፎቶ ላይ ሲሞከር፣ የዓይን ችግር ከነበረባቸው ልጆች ከመቶ 80ዎቹ ላይ ሐኪም በሽታውን ከማወቁ በፊት በተነሱ ፎቶዎች ላይ ምልክቱን አገኘ፤ በአማካይ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ። መተግበሪያው ይስታል፣ ያለ ነገርም ያስደነግጣል፤ ሐኪም አይተካም። እኔ ከመተግበሪያው ይልቅ የገረመኝ የእናትየዋ ነገር ነው። ማንም ያላስተማራት ሴት ፎቶ አይታ «ይህ ነገር ልክ አይደለም» ማለቷ።

ነጭ ያየሽበት ልጅ ሁሉ ካንሰር አለበት እንዳትዪ። ልጁ ወደ ጎን ሲያይ ጤነኛ ዓይንም አንዳንዴ ነጭ ይመልሳል። የዓይን ሞራ ይዘው የሚወለዱ ሕፃናትም አሉ፤ እሱም ቢሆን ቶሎ መታከም ያለበት ነው። አንድ ፎቶ ላይ ብቻ ካየሽ ሌሎቹን ፈትሺ። በተለያየ ቀን በተነሱ ፎቶዎች ላይ ያው ዓይን ደጋግሞ ነጭ ከሆነ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። የዛሬ ስልኮች ቀዩን ዓይን ራሳቸው አጥፍተው ጥቁር ስለሚያደርጉት፣ ፎቶው ላይ ምንም አለመታየቱም ሁልጊዜ ማረጋገጫ አይሆንም። ያለ ፎቶም ልብ የሚባል አለ። ማታ በደብዛዛ መብራት ብሌኑ ነጭ ብልጭ ሲል፣ ቀጥ ብሎ የነበረ ዓይን መንሸዋረር ሲጀምር፣ ሕመም ያለው የማይለቅ መቅላት ሲኖር፣ አንደኛው ዓይን ሲያብጥ ወይም ወደ ውጭ ሲገፋ ሐኪም ማየት አለበት።

ለማዳም እንዴት ልንገራት?

እዚህ ላይ ነው ጭንቁ። የልጁ እናት አይደለሽም፣ ሐኪም አይደለሽም። «ማን ጠየቀሽ?» የምትል ማዳም አለች። ደግሞ የዓይን ነገር ነው። በእኛ አገር ቡዳ፣ በእነሱ «ዐይን» ወይም «ሐሰድ» የሚባለው ፍርሃት አለ። ሠራተኛዋ የልጁን ዓይን ስታወራ «አንቺ ነሽ ያየሽው» የሚል ቤት ሊገጥምሽ ይችላል። ይህን አቅልዬ አላየውም። ዝም ብለሽ ቆይተሽ ነገሩ በኋላ ሲታወቅ «ስታጥቢው አላየሽም ወይ?» መባልም አለ።

ስለዚህ አነጋገሩን ላስታጥቅሽ፤ ሙያዬ ነው። መጀመሪያ ማሻአላህ ይቅደም። ዓረቦች ስለ ልጅ ሲነገራቸው ይህን ቃል ካልሰሙ ልባቸው ይሸሻል። ከዚያ ከአፍሽ ቃል ይልቅ ፎቶው ይናገር። በማዳም በራሷ ስልክ ያለውን ፎቶ ብታሳያት ይሻላል። ረጋ ብለሽ፣ ሰው በሌለበት፣ እንዲህ በያት፦

«ማዳም፣ ማሻአላህ ዐለይህ፣ በስ ሹፊ ሃስ-ሱራ።» ማሻአላህ፣ ግን ይህን ፎቶ ተመልከቺ።

«ፊ ኢሺ አብየድ ብዐይኖ።» ዓይኑ ውስጥ ነጭ ነገር አለ። ሴት ልጅ ከሆነች «ብዐይንሃ» በዪ።

«ይምኪን ላዚም ዶክቶር ዑዩን ይሹፎ።» ምናልባት የዓይን ሐኪም ቢያየው ይሻላል።

«ይምኪን»ን አትዝለያት። ምናልባት ማለት ነው፤ የውሳኔውን ወንበር ለእናትየዋ ትለቅላታለች። «ሰረጣን» የሚለውን ቃል ጨርሶ አታንሺ። ያንን መናገር ከምርመራ በኋላ የሐኪም ድርሻ ነው። መንሸዋረሩን ከሆነ ያየሽው «ሐወል» ይባላል። ይህ የአማን አነጋገር ነው፤ ሪያድ፣ ዱባይ ወይም ኩዌት ሆነሽ የምታነቢም ብትሆኚ ይገባቸዋል፣ «ኢሺ»ን ብቻ «ሸይ» ብትዪ ይበቃል።

ማዳም ችላ ካለችሽ ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ፎቶ ይዘሽ ድገሚላት። ለልጁ አያት መንገር የሚቻልበት ቤት ካለ ለአያቱ ንገሪ። ዓረብ አያቶች ነገር አያሳልፉም፣ ልክ እንደ እኛው። ክትባት ይዛችሁት ስትሄዱም ለነርሷ ማሳየት ይቻላል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ያለ ፈቃድ ልጁን በራስሽ ስልክ አታንሺ፣ ፎቶውንም ለጓደኛ አትላኪ፣ ቲክቶክ ላይ አታውጪ። ለልጁ ብለሽ ያደረግሽው በአንቺ ላይ ክስ እንዳይሆን።

ሐኪም ዘንድ ከተሄደስ? ምርመራው ቀላል ነው የሚጀምረው፤ በደብዛዛ ክፍል በትንሽ መብራት የብሌኑ ቀለም ይታያል። ጥርጣሬ ካለ ሕፃኑ ተደንዝዞ ሙሉ ሬቲናው ይታያል። ዕጢው ትንሽ ከሆነ በሌዘር ወይም በማቀዝቀዝ ይገደላል። ከፍ ካለ ኬሞ ይሰጣል። አንዳንድ ጊዜ ኬሞው በቀጭን ቱቦ ወደ ዓይኑ ደም ሥር በቀጥታ ይገባል። በጣም ከሰፋ ዓይኑ ይወጣል።

ቤተሰብ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ይጫወታል፣ ይስቃል፣ አያምመውም፣ ዶክተሩ ግን «ዓይኑ ይውጣ» ይላል። በብዙ አገሮች ወላጆች እምቢ ብለው ይሄዳሉ፣ ሌላ ሐኪም፣ ሌላ አገር፣ ሌላ ጸሎት ይፈልጋሉ። ሲመለሱ ካንሰሩ ወጥቷል። አማንና ሜምፊስ አንዱን ፎቶ አብረው ማየታቸው እዚህም ላይ ሳይጠቅም አልቀረም ብዬ አስባለሁ። አባት «አሜሪካ ልውሰደው» ሲል አሜሪካ ያሉት አስቀድመው አይተውታል። እንዲህ ያለ ጭንቅ ባለበት ቤት ብትሆኚ ማወቅ ያለብሽ፣ የወጣው ዓይን ቦታ ሰው ሠራሽ ዓይን እንደሚገባበትና ብዙ ሰው ልዩነቱን እንደማያውቀው ነው። በአንድ ዓይን ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ።

አገር ቤት ያለው ልጅሽስ?

እስካሁን ስለ ሰው ልጅ አወራን። አንቺ ግን ይህን ስታነቢ ሐሳብሽ የት እንዳለ ይገባኛል።

እናትሽ ወይም እህትሽ ዘንድ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለሽ እንዲህ በያቸው። አመሻሽ ላይ፣ ደብዘዝ ባለ ክፍል፣ ፍላሹን አብርተው፣ ልጁ ካሜራውን ቀጥ ብሎ እያየ ሁለት ሦስት ፎቶ ያንሱና ይላኩልሽ። በቪዲዮ ጥሪ ላይ ላይታይ ይችላል፣ ፎቶ ነው የሚያስፈልገው። ነጭ ነገር ካየሽ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ይሂዱና «ብሌኑ ላይ ነጭ ያበራል» ብለው በዚሁ ቃል ይናገሩ። «ዓይኑን አመመው» ብቻ ከተባለ የዓይን ቅባት ተሰጥቶት ሊመለስ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ምኒልክ ሁለተኛ ሆስፒታል ትልቁ የዓይን ሕክምና ቦታ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደግሞ ከ2013 ጀምሮ የሕፃናት ካንሰር ክፍል አለው፤ ጅማና ጎንደርም የልጆች ካንሰር ይታከማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዓይን ሐኪም ዶክተር ሳዲቅ ታጁ ሸሪፍና ባልደረቦቻቸው በአገራችን ስላለው የዚህ በሽታ ሁኔታ ምርምር የሚያሳትሙ ናቸው። ከእጃቸው የሚገባው ልጅ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የመጣ ነው።

ለምን ይዘገያል? መንገዱ ሩቅ ነው፣ ገንዘብ የለም፣ ጸበል ይቅደም ይባላል፣ «ሲያድግ ይለቀዋል» ይባላል። ጸበሉም ሩቅያውም አይቅር፤ ሐኪሙ ግን በዚያው ሳምንት ይየው። ገንዘብ የምትልኪው አንቺ ከሆንሽ በዚህ ላይ ቃልሽ ይሰማል፤ «ለበዓሉ» ብለሽ ከምትልኪው ላይ «ይህ ለዓይን ምርመራው ነው» ብለሽ ለይተሽ ላኪ።

የዘር ነገርም አለበት። በ1971 አልፍሬድ ክኑድሰን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የ48 ሕፃናትን መዝገብ አገላብጠው ያገኙት ነው። በሽታውን የሚከለክል ዘር በእያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ ውስጥ ሁለት ሁለት አለ፤ በአንድ በር ላይ እንዳሉ ሁለት ቁልፎች በዪው። ካንሰሩ የሚገባው ሁለቱም ሲሰበሩ ነው። አንዳንዱ ልጅ አንደኛው ቁልፍ ተሰብሮ ይወለዳል። የእንዲህ ያለው ልጅ በሽታ ቶሎ ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም ዓይን ይይዛል። ስለዚህ በቤተሰባችሁ በሕፃንነቱ በዕጢ ምክንያት ዓይኑ የወጣ ሰው ካለ፣ ልጆቹ እንደተወለዱ መታየት አለባቸው፤ ምልክት እስኪመጣ አይጠበቅም። አንድ ልጅ ከታመመ ታናናሾቹም ይመረመሩ። «የእናቱ ኃጢአት ነው፣ ዓረብ አገር ጥላው ሄዳ ነው» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ይህ በሽታ በእናት መኖርና አለመኖር አይመጣም።

ለሕክምና ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ ለሚመጡ ቤተሰቦች አብረው የሚቆሙ አሉ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ልጃቸውን በደም ካንሰር ባጡ ወላጆች በ2004 የተቋቋመ ነው። ተስፋ አዲስ የሚባለው ደግሞ ልጆቻቸው በካንሰር የታመሙባቸው ወላጆች ማኅበር ሲሆን፣ ለሚታከሙ ሕፃናትና አስታማሚዎቻቸው ማረፊያና ምግብ ያቀርባል። ኬሞ በየሦስትና አራት ሳምንቱ የሚሰጥ ነውና ከወሎ ወይም ከባሌ ለሚመጣ ሰው ማደሪያ ከመድኃኒቱ እኩል ያስፈልጋል። ብዙ ቤተሰብ ሕክምናውን መሐል ላይ የሚያቋርጠው በዚህ ነው። ጥቁር አንበሳ የሕፃናት ካንሰር ክፍል ሲደርሱ ስለ ተስፋ አዲስ ጠይቁ ብለሽ ንገሪያቸው።